ሽፈራውን እንደ ጎመን፦ ከድሬዳዋ ግቢዬ

ድሬዳዋ ውስጥ ሽፈራው (ሞሪንጋ የሚባለው ዛፍ) የቆመበት ግቢ ብዙ ነው፤ ሽፈራው የሚበላበት ቤት ግን ጥቂት ነው። ዛፉ ይተከላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሉን የሚያወርደው ሰው አይገኝም። የሚታወሰው ከቤተሰቡ አንዱ «ስኳር አለብህ» ወይም «ግፊትህ ከፍ ብሏል» የተባለ ዕለት ነው። ያን ጊዜ መሰላል ይፈለጋል፣ ቅጠል ይሸመጠጣል፣ ጥቂት ቀን ተፈልቶ ይጠጣል፣ ከዚያ ይረሳል። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ጎመን በተወደደ ቁጥር አረንጓዴ ነገር ከገበታው የሚጠፋበት ቤት ብዙ ነው፤ ብዙ ጊዜም የዚያው ቤት ግቢ ውስጥ ሽፈራው ቆሞ ይታያል።

የምኖረው ሳቢያን ነው። ግቢያችን ሰፊ አይደለም፤ ግማሹ ሲሚንቶ ተደርጎበታል። በቀረችው አፈር ላይ ያሉት ሽፈራዎች ግን ዓመቱን ሙሉ ወጥ ያወጡልናል፣ ለጎረቤትም ይተርፋሉ። ይህን የምጽፈው ለመትከል ላሰቡ፣ ተክለውም ላልተጠቀሙበት ሰዎች ነው። ሐሳቤ አንድ ነው፦ ሽፈራውን እንደ ጎመን አሳድጉት፣ እንደ ጎመንም ብሉት። መድኃኒት ነው ብላችሁ ከእጃችሁ በላይ አትስቀሉት።

መጀመሪያ የትኛውን እንደምትተክሉ እወቁ። በአገራችን በብዛት በግቢ የሚተከለው ሽፈራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የራሳችን ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ይባላል። መገኛው ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ሲሆን ኮንሶዎች፣ ደራሼዎችና ጋሞዎች ከጥንት ጀምሮ በማሳቸውና በደጃፋቸው ሲያሳድጉት ኖረዋል። ሌላው ሞሪንጋ ኦሊፌራ ነው፤ የመጣው ከሰሜን ሕንድ፣ ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ ነው። በዓለም ላይ ስለ ሞሪንጋ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ሁለተኛው ስለሆነ፣ ያነበባችሁትን ሁሉ በግቢያችሁ ባለው ዛፍ ላይ አታውሉት። መለየቱ ከባድ አይደለም። የእኛው ሰፋ ያለ ቅጠል አለው፣ ግንዱ ከታች ወፈር ብሎ ውኃ ያጠራቅማል፣ ዘሩም ትልቅና ነጣ ያለ ነው። የሕንዱ ቅጠል ደቃቅና ክብ ነው፤ ዘሩ ቡናማና ክብ ሆኖ ሦስት ስስ ክንፎች አሉት፤ ፍሬው እንደ ዱላ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይንጠለጠላል።

ሁለቱም ይበላሉ። የሕንዱ በፍጥነት ያድጋል፤ በተተከለ በመጀመሪያው ዓመት ሊያብብ ይችላል። የእኛው ያን ያህል አይቸኩልም፤ አበባ ለማየት ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ድርቅ ይችላል፣ በበጋ ቅጠሉን ቶሎ አያራግፍም፣ ጣዕሙም ለዘብ ያለ ነው። የሕንዱ ጥሬ ቅጠል ምላስ ላይ እንደ ሰናፍጭ ቆንጠጥ ያደርጋል። ቦታው ካላችሁ ሁለቱንም ትከሉ፤ ለአንድ ብቻ ቦታ ያለው ሰው ግን የእኛውን ቢመርጥ ደስ ይለኛል። ከድሬዳዋ በጋ ጋር የሚስማማው እሱ ነው።

ስለ ቦታ ካነሣን ድሬዳዋና ሐረር አንድ አይደሉም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,850 ሜትር አካባቢ። ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ደንገጎን አልፎ የወጣ ሰው አየሩ ሲለወጥ በቆዳው ያውቀዋል፤ ሽፈራውም ያውቀዋል። ሙቀት የሚወድ ዛፍ ስለሆነ ድሬዳዋ ላይ ሳይለመን ያድጋል። ሐረር ላይም ይበቅላል፤ ግን ዝግ ይላል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቅጠሉ ይቀንሳል። እህቴ ሐረር ስለምትኖር ልዩነቱን በየጊዜው አየዋለሁ፤ እኔ ቆርጬ በልቼ ደግሜ ስቆርጥ የእርሷ ገና ቡቃያውን እያሳየ ይሆናል። ሐረር ያላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታውን ግንብ ፈልጉና ከዚያ ፈቀቅ አድርጋችሁ ትከሉት። ቀን የሞቀው ድንጋይ ማታ ሙቀቱን ይመልስለታል።

ከዘር መጀመር ከቅርንጫፍ ከመጀመር ይሻላል። ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ቆርጦ መሬት ውስጥ መቸከል ይቻላል፤ ይጸድቃልም። ነገር ግን ከቅርንጫፍ የበቀለ ዛፍ ሥሩ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ከዘር እንደበቀለው ወደ ታች አይወርድም። ድሬዳዋ ላይ ወደ ታች ያልወረደ ሥር በግንቦትና በሰኔ ይጠማል፤ አቧራ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ሲበረታም ዛፉ ይጋደማል። ስለዚህ አዲስ ዘር ፈልጉ። ዘሩ ሲቆይ የመብቀል ኃይሉን ስለሚያጣ ዓመት ያለፈውን አትመኑ። በእጅ ሲይዙት የሚከብድና ሲጫኑት የማይሰምጥ ይሁን።

ዘሩን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ችግኝ በሚፈላበት ጥቁር ላስቲክ ውስጥ እዘራዋለሁ። አሸዋ፣ አፈርና የበሰበሰ የፍየል ፍግ በእኩል መጠን ደባልቄ እሞላለሁ፤ ዘሩ የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። ላስቲኩ ከታች መበሳቱን ሳታረጋግጡ አትዝሩ፤ ሽፈራው ከጥማት ይልቅ የሚሞተው ውኃ ሲተኛበት ነው። በእኛ ሙቀት ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ከመብቀሉ በፊት አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከበቀለ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የቀትር ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ጥላ ይፈለግለት፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ ማውጣት ነው። ቁመቱ ክንድ ሲሞላ ወደ መሬት ይዛወራል። በየካቲት መግቢያ የዘራ ሰው በሚያዝያ ዝናብ፣ በግንቦት የዘራ በሐምሌ ዝናብ ይተክላል።

ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይበቃል። ከቤቱ መሠረትና ከውኃ መስመሩ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር ይራቅ። ከደቻቱ ወንዝ ዳር ያሉ ሰፈሮች አሸዋማ አፈር ስላላቸው ዕድለኞች ናቸው፤ እንዲህ ያለውን አፈር ይወዳል። አፈራችሁ ጥቁርና የሚጣበቅ ከሆነ ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ጨምሩ፤ ችግኙንም ከመሬቱ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ትከሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሁለት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ውኃ ይጠጣል። ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውኃ መልካም ነው፤ የልብስ ሳሙናና በረኪና ያለበትን አታፍስሱበት። ሥር ከያዘ በኋላ ቧንቧ ለቀናት ቢጠፋ እንኳን ዛፉ ምንም አይሆንም። ይህ ለድሬዳዋ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ በበጋ ቆስጣና ሰላጣ ለማጠጣት ጀሪካን የተሸከመ ያውቀዋል።

አሁን ብዙ ሰው እምቢ ወደሚለው ነገር ልምጣ፤ መቁረጥ። ሽፈራውን የማይቆርጥ ሰው ዛፍ ይኖረዋል፣ ጎመን ግን አይኖረውም። ዛፉ ባሕርዩ ወደ ላይ መሮጥ ነው፤ ካልተገታ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ሠርቶ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል ይይዛል። ችግኙ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ የላይኛውን ቀንበጥ በጥፍሬ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ጎን ለጎን ቅርንጫፎች ያወጣል፤ እነሱም ክንድ ሲያህሉ ጫፋቸውን እቀነጥሳለሁ። ዋናው መቁረጥ ግን በየዓመቱ ዝናቡ ሊገባ ሲል የሚደረገው ነው። ግንዱን ደረቴ ትክክል ላይ በመጋዝ እቆርጠዋለሁ። ቁርጡ ሰያፍ መሆን አለበት፤ ውኃ እላዩ ላይ ከተኛ ግንዱ ለስላሳ ስለሆነ ይበሰብሳል። ስለት በሌለው ቆንጨራ መጨፍጨፍ ደግሞ ቅርፊቱን ስለሚልጥ ለትልና ለበሽታ በር ይከፍታል።

መጀመሪያ ጊዜ ስቆርጠው በአጥር የሚጎራበቱን አዛውንት ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ያንን የመሰለ ዛፍ ጨረስሽው!» አሉኝ። እውነትም የቀረው ቅጠል አልባ ጉቶ ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከቁርጡ ሥር ባለው ቅርፊት ላይ ቀይ የሚመስሉ ትናንሽ ጉጦች ፈነዱ፤ ቀጥሎ ከጉጦቹ ቀንበጥ፣ ከቀንበጡም ቅጠል ወጣ። ሁሉንም አልተውኩም፤ በዙሪያው ተራርቀው የቆሙትን አራት አምስቱን አስቀርቼ ሌላውን ቀጥፌ ወጥ ሠራሁበት። አዛውንቱ አሁን ሰኔ ሲገባ መጋዜን ይዋሳሉ። እንዲህ በተያዘ ዛፍ ላይ በዝናቡ ወራት በየስድስት በየስምንት ሳምንቱ ደህና ምርት ይቆረጣል፤ በበጋ ጊዜው ይረዝማል። የሚቆረጠው ሁሉ በቆመ ሰው እጅ ይደረሳል። ልጆች ወጥተው እንዲቀጥፉ ማድረግ አያስፈልግም፤ አይገባምም። የሽፈራው ቅርንጫፍ ሲታይ ወፍራም ቢመስልም ተሰባሪ ነው፣ ሰው አይሸከምም።

ጠላቱ ፍየል ነው። በከተማችን ፍየል የማያልፍበት መንገድ የለም፤ ከሽፈራው ቀንበጥ የሚያስበልጠውም ነገር ያለ አይመስለኝም። ግንዱ እስኪጠነክር ድረስ በእሾህ ወይም በሽቦ ዙሩት። ፍየል ያላችሁ ደግሞ ሲገረዝ የወደቀውን ቅርንጫፍ ስጧቸው፤ ጥሩ መኖ ነው። ምስጥ ባለበት ቦታ ደረቅ ቅጠልና እንጨት ከግንዱ ሥር አትከምሩ። ትልና ክሽክሽ ሲወጡበት እኔ የምጠቀመው የኒም ቅጠል ነው፤ የከዚራን ሰፈር ያለበሰው ኒም ስለሆነ ማንም አያጣውም። ቅጠሉን ወቅጬ በውኃ ዘፍዝፌ አሳድርና በጨርቅ አጥልዬ፣ ጥቂት ሳሙና ጠብ አድርጌበት፣ ፀሐይ ስትበርድ እረጨዋለሁ። ከረጨሁ በኋላ ጥቂት ቀናት ሳልቆርጥ እቆያለሁ፤ ኒም መራራ ነው፣ ሊበሉትም አይገባም።

አቆራረጡን ካወቅን ወጥ ቤት እንግባ። ቅጠሉን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠና ቁረጡ። ቅጠሎቹን ከዘንጉ አንድ በአንድ መልቀም ጊዜ ይፈጃል፤ የዘንጉን ጫፍ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው እጅ ሁለት ጣት ከጫፍ ወደ ግንዱ መግፈፍ ነው፤ ቅጠሉ በአንዴ ይራገፋል፣ ዘንጉ ባዶውን ይቀራል። ዘንጉን አታስገቡ፤ ተቀቅሎም አይለሰልስም። ከዚያ ሁለት ሦስት ውኃ መታጠብ አለበት። የድሬዳዋ አቧራ ቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ውኃ ሲደፋ ቀለሙን ብታዩት ሁለተኛውን ሳትጠየቁ ትጨምራላችሁ።

የእኛውን ሽፈራው አሠራር ያስተማረችኝ ከኮንሶ የመጣች፣ ከጀርባችን ባለው ቤት ተከራይታ የምትኖር ወጣት እናት ናት። እኔ ቅጠሉን እንደ ቆስጣ ቶሎ ከእሳት ሳወጣው አይታ «እትዬ፣ አይቸኩሉ፤ ይህ ጊዜ ይፈልጋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። የደቡቡ ሽፈራው ቅጠል ወፈር ስለሚል ሃያ ደቂቃ፣ ሲያረጅም ከዚያ በላይ መቀቀል ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ውኃ ካፈሰሱለት ምሬቱ ይቀንሳል። እርሷ የምትሠራው ኩርኩፋ ነው፤ የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት በውኃ ታሽቶ በትንንሹ ይድቦለቦላል፣ ከዚያ ከቅጠሉ ጋር አብሮ ይቀቀላል። ማሽላ የሐረርጌ እህል ነውና ለኛ እንግዳ የሆነው አብሮ መቀቀሉ ብቻ ነው። ድቡልቡሉ ሲበስል ውስጡ እርጥብ፣ ላዩ በቅጠሉ ጭማቂ አረንጓዴ ይሆናል፤ ትኩሱን በሚጥሚጣ ሲበሉት አንድ ሳህን ያጠግባል።

በኛ ቤት በብዛት የሚሠራው ግን የጎመን አሠራር ነው። ቅጠሉን ቀቅዬ አጠነፍፈዋለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ካቁላላሁ በኋላ ቅጠሉን ጨምሬ፣ ቃሪያ ከትፌበት፣ ክዳን ገጥሜ ለዘብ ባለ እሳት አቆየዋለሁ። ፍስክ ከሆነ መጨረሻ ላይ ንጥር ቅቤ ይገባል። ሲቀርብ ሎሚ ይጨመቅበት። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በቅጠል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በደንብ የሚወስደው ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲገባ ነው። በተቃራኒው ሻይና ቡና ብረቱን ይይዙታል፤ ስለዚህ ቡናው ከማዕዱ ትንሽ ይራቅ። የሕንዱን ደቃቅ ቅጠል ደግሞ ሳልቀቅል ከእንቁላል ጋር እጠብሰዋለሁ፣ የምስር ሳምቡሳ ውስጥም እጨምረዋለሁ። ልጆች አረንጓዴውን ሲያዩ ቢያኮርፉም ሳምቡሳ ውስጥ ሲሆን ጠያቂ የለውም።

ማድረቅ የሚያስፈልገው ቅጠል ሲተርፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አይቻለሁ፤ ቅጠሉን ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ፀሐይ ያበላዋል። በዚህ ዓይነት ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ይገረጣል፤ ቫይታሚን ኤ የሚገኝበትን ንጥረ ነገር ፀሐይ ታጠፋዋለች። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ አያስፈልገንም፤ ደረቁ አየር ራሱ ይበቃል። በረንዳ ላይ ከመሬት ከፍ ያለ የአልጋ ሽቦ አለኝ። ንጹሕ ነጠላ አነጥፍና ቅጠሉን ሳልደራርብ እዘረጋዋለሁ፤ ሌላ ስስ ጨርቅ ከላይ አለብሰዋለሁ፣ ለአቧራውና ለዝንቡ። ጠዋትና ማታ አገላብጠዋለሁ። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው በመዳፍ ሲጨብጡት ጨርሶ ይደቅቃል፣ ቀለሙ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ካልደቀቀ አልደረቀም፤ በዚያ ሁኔታ ዕቃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይሻግታል። ሐረር ላይ በክረምት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ከምድጃ አጠገብ ሙቀት ያለበት ክፍል ይሻላል።

አምስት ኪሎ ያህል እርጥብ ቅጠል ሲደርቅ አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው። በሙቀጫ ወቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ብርሃን በማያስገባና ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። ዱቄት የምትገዙ ከሆነ ቀለሙንና ሽታውን እዩ፤ ደህናው ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ የደረቀ ሣር ዓይነት ሽታ አለው። ቡናማ ከሆነና ምንም የማይሸት ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ዱቄቱን ሽሮ ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ፣ አጥሚትና ገንፎ ላይ ደግሞ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨምሩ። ለሕፃናት ስድስት ወር ሳይሞላቸው ከጡት ወተት በቀር ምንም አይሰጥም፤ ከዚያ በኋላም ከትንሽ ተነሥቶ ሆዳቸው ሲለምደው ነው የሚጨመረው። ሲበዛ ያስቀምጣል፣ ትልቅንም ጭምር።

ሻዩ ቀላል ነው። የሐረር ሰው ከቡና ቅጠል ቁጢ አፍልቶ ሲጠጣ የኖረ ስለሆነ ቅጠል አፍልቶ መጠጣት አዲስ አይሆንበትም። ውኃው ከፈላና ከእሳት ከወረደ በኋላ ደረቁን ቅጠል ጨምሮ ከድኖ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው። ቅጠሉን አብሮ ማንተክተክ ጣዕሙን ያበላሸዋል።

ስለ ጤናው የምለውን በጥንቃቄ አንብቡልኝ። የደረቀ የሕንድ ሽፈራው ቅጠል ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ካልሲየም፣ ብረትና ቫይታሚን ኤ የሚሆን ንጥረ ነገርም በብዛት አለው። ምግብነቱ ይህ ነው፤ ሥጋና ወተት በየቀኑ ለማያይ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። «ከወተት ይህን ያህል እጥፍ ካልሲየም አለው» የሚለው ወሬ ግን የሚያነጻጽረው የደረቀ ዱቄትን ከፈሳሽ ወተት ጋር፣ እኩል ክብደት ላይ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት የሚጠጣ ሰው አለ፤ አንድ ብርጭቆ የሽፈራው ዱቄት የሚበላ የለም።

ስኳርና የደም ግፊት ዝቅ ያደርጋል የሚባለው ከባዶ የመጣ አይደለም። የአገራችን ተመራማሪዎች የእኛን ሽፈራው ቅጠል በጥንቸሎች ላይ ሞክረው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትመዋል። ጥንቸል ላይ የታየ ነገር ግን ለሰው የሚታዘዝ መድኃኒት አይሆንም። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ሽፈራው ወጥ ትበላለች፣ ክኒኗንም ሰዓቱን ጠብቃ ትወስዳለች፣ ስኳሯንም ትለካለች። «ሽፈራው ጀምሪና ክኒኑን ተዪ» የሚሏት ዘመዶች አሉ። ዘመዶቼ ቢሆኑም ፊት ለፊት ነው የምከራከራቸው። ክኒን አቁሞ የወደቀ ሰው መከራው የሚተርፈው ለአማካሪው አይደለም። ሌላም ተቃራኒ አደጋ አለ፦ ክኒኑ ላይ ብዙ ዱቄት የሚደርብ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ከጨለመበት ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይሰጠውና ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የሽፈራውን ሥርና ቅርፊት በምንም መልኩ አትንካ፤ ማሕፀንን ሊያነሣሣ ይችላል። ቅጠሉን በተመለከተም ዱቄት በማንኪያ ከመውሰዷ በፊት የምትከታተላትን አዋላጅ ወይም ሐኪሟን ትጠይቅ። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ማንኛውም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ሥራ እንደሚያደናቅፍ ይወቅ፤ የግፊትና የእንቅርት መድኃኒት የሚወስድም ለሐኪሙ ይንገር። ሥሩንማ ማንም አይብላው። እኔ ከዛፉ የምጠቀመው ቅጠሉን ነው፤ ለሌሎች የምመክረውም እሱኑ ነው።

ዘሩ ሌላ ሙያ አለው። ተፈልፍሎ የተወቀጠ ዘር ድፍርስ ውኃን ያጠራል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ጭቃውን እያያዘ ወደ ታች ያወርደዋል። በሱዳን የዓባይ ዳር ሴቶች በዚህ ሲጠቀሙ መኖራቸውን ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን የተባሉ ተመራማሪ ለዓመታት አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ዘር ያህል ወቅጦ፣ በጥቂት ውኃ በጥብጦና አጥልሎ መጨመር፣ መጀመሪያ በፍጥነት ቀጥሎ በዝግታ ማማሰል፣ ከዚያ ሳይነኩ አንድ ሁለት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ከላይ ያለው ውኃ ጠርቶ ታገኙታላችሁ። የጠራ ውኃ ግን ከጀርም የጸዳ ማለት አይደለም፤ መፍላት አለበት። የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ ከከርሰ ምድር ስለሚመጣ ችግሩ ድፍርስነት ሳይሆን ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው፤ ስለዚህ ይህ ዘዴ ይበልጥ የሚጠቅመው የወራጅና የኩሬ ውኃ ለሚጠጡ የገጠር ዘመዶቻችን ነው።

መሬት የሌላችሁ፣ ተከራይ ሆናችሁ ወይም ጀጎል ውስጥ ጠባብ ግቢ ኖሯችሁ፣ በግማሽ በርሜልም ይሆናል። ሥሩ በደንብ ስለማይወርድ ዛፉ አጭር ሆኖ ይቀራል፤ እኛ የምንፈልገውም አጭሩን ነው። በርሜሉን ከታች በደንብ ብሱት፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጉት፣ ውኃውን ከመሬቱ ዛፍ በበለጠ አዘውትሩለት፤ በዓመት አንዴ ፍግ ጨምሩለት። የአንድ በርሜል ቅጠል ለአንድ ትንሽ ቤተሰብ አልፎ አልፎ ወጥ ያወጣል።

ብዙ ዛፍ ያላችሁ አንዱን ሳትቆርጡ ለዘር ተዉት። በየጊዜው የሚገረዝ ዛፍ አበባ ለማውጣት ፋታ አያገኝም። አበባው ሲመጣ ንቦች ያገኙታል፤ ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ግን ተሰንጥቆ ዘሩን ከመበተኑ በፊት አውርዱት። ዘሩን በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ፤ ፌስታል ውስጥ አታስሩት፣ ይታፈናል። ለጎረቤት ስትሰጡም የተለቀመበትን ወር ወረቀቱ ላይ ጻፉበት፤ በቀጣዩ ዝናብ ካልተዘራ ግማሹ ላይበቅል ይችላል።